ፈጣኑ አንቲጅን ወይስ ፒሲአር? እናቴ ጋ ከመሄዴ በፊት የትኛውን ልግዛ?

እናቴ የምትኖረው ፒያሳ ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ስኳርም አለባት። እኔ የምሠራው አራት ኪሎ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ጎራ እላለሁ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ታዲያ ቀድሞ የሚያስጨንቀኝ «ዛሬ ሄጄ ብስማት አስይዛት ይሆን?» የሚለው ነው። «ኮሮና ይዞኝ ይሆን?» ከሚለው ጋር አንድ ቢመስልም ጥያቄው ይለያል፤ የሚገዛው ምርመራም እንደዚያው።

ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ፈልጎ ደጋግሞ ያባዛዋል። ስለዚህ በጣም ጥቂት ቫይረስ እንኳ ብዙ ጊዜ አያመልጠውም። መያዝ አለመያዝን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን ሰውየው ድኖ ሥራ ከገባም በኋላ የቫይረሱን ስብርባሪ እያገኘ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ያ ስብርባሪ ማንንም አይዝም። ላቦራቶሪ መሄድና ውጤት መጠበቅም አለ።

አንቲጅን የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ አያባዛም። መመርመሪያው ላይ ፖዘቲቭ መሆንን የሚያሳየው መስመር የሚወጣው አፍንጫ ውስጥ ብዙ ቫይረስ ሲኖር ነው። ብዙ ቫይረስ ያለበት ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍበት ጊዜ ነው። ውጤቱም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ለኔ ጥያቄ የሚቀርበው መልስ ይሄ ነው።

ስለ መስመሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። ደማቅ ሆኖ ቶሎ ከወጣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ብዙ ነው። ደብዝዞ ከወጣ ግን «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» ብላችሁ እንዳትሄዱ! ናሙናው በደንብ ሳይወሰድ ቀርቶም ሊደበዝዝ ይችላል። በተባለው ደቂቃ ውስጥ የታየ ደብዛዛ መስመርም ፖዘቲቭ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የወጣውን ግን አትመኑት።

ኔጌቲቭ ሲል ደግሞ ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም። ሕመሙ ሲጀምር ቫይረሱ ገና ስላልበዛ ሊያመልጠው ይችላል። ምልክት ካላችሁ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት። ምልክት ሳይኖራችሁ ከታመመ ሰው ጋር ከነበራችሁ በ48 ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሁን። ለዚህ ነው አንድ ኪት (መመርመሪያ) ብቻ አትግዙ የምለው።

ስትገዙ የአገልግሎት ጊዜውን እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 80 በመቶ ሕሙማንን የሚያገኝ፣ 97 በመቶ ጤነኞችን ደግሞ በትክክል ኔጌቲቭ የሚል ኪት ነው የሚጠይቀው፤ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጉ። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ትታችሁት እንዳትሄዱ።

ከጣት ደም የሚወሰደው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ተዉት።

ሕመሙ ከጠናባችሁ ወይም አንቲጅኑ ኔጌቲቭ ብሎ ምልክቱ ካልለቀቃችሁ ግን ለፒሲአሩ ክፈሉ፤ ሐኪምም እዩ።

እኔ ከታመምኩ በሰባተኛው ቀን መስመሩ ገና ከታየ እናቴ ቤት አልገባም። ምሳዋን በር ላይ አስቀምጬ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ በስልክ አወራታለሁ።