ቦሌ ለሚ አካባቢ ያለችው የሴፍቲ ዕቃ ሱቅ

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጣ ብላችሁ ታክሲ ከምትጠብቁበት ገባ ያለችውን ሱቅ ነው የምላችሁ። እኔ የምሠራው መቁረጫ ክፍል ነው፤ ጥጥ ስንቆርጥ የዋለ ቀን ማታ አፍንጫዬን ስጠርግ ሶፍቱ የጨርቁን ቀለም ይዞ ነው የሚወጣው። ከፋብሪካው የሚሰጠን ስስ የጨርቅ ማስክ ነው። እሱ ደግሞ ለወጉ ያህል ነው።

እዚህች ሱቅ ኤን95 የሚባለውን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ገዛሁ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው! ሁለት ላስቲክ አለው፤ አንዱ አናት ላይ፣ ሌላው ማጅራት ላይ ይውላል። አፍንጫ ላይ ያለችውን ሽቦ በሁለት እጃችሁ ጫን ጫን ካላደረጋችኋት ግን በጎን ያስገባል፣ ያኔ ገንዘባችሁ በከንቱ ሄደ። በደንብ ከገጠመ ቢያንስ 95 በመቶውን ደቃቅ ብናኝ ያስቀራል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው።

ሻጩን ወደድኩት። «እህቴ፣ ይሄ አይታጠብም፣ ሲቆሽሽ ጣይው» አለኝ፤ ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ይሸጥልኛል። ከቢላዋ የሚጠብቀው የብረት መረብ ጓንት ግን ያለው ትልቁ ብቻ ነው። ለካሁት፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ። እሱን አድርጎ ቢላዋ አጠገብ ጨርቅ መያዝ ራሱ አደጋ ስለሆነ ተውኩት።

የማስኩ ዋጋ ለእኛ ደሞዝ ይከብዳል። ደግሞስ ለምን ከኪሳችን? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው እኮ። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ተቀበሉና ለሠራተኛ ማኅበር ተወካያችሁ አሳዩት። እሁድ ዝግ ናቸው።