የኔራይት ቀንድ አውጣ ዝርያዎች፦ ለደብረ ብርሃንና ለሸዋ ሮቢት ገንዳ የትኛው ይሻላል?

በዓሣ ገንዳ መስተዋት ላይ የሚጋገረውን አልጌ ጠርጎ በመብላት ኔራይት ቀንድ አውጣን የሚስተካከል እንስሳ ጥቂት ነው። ገበያ ላይ «ዜብራ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ሁልጊዜ አንድ ዝርያ ስላልሆነ፣ የቅርፊቱን ቀለም ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ኔራይቶች ሁሉም ኔሪቲዴ በተባለው አስተኔ (ቤተሰብ) ውስጥ ይመደባሉ፤ ለገዢ የሚጠቅመው ልዩነት ያለው በአስተኔው ሥር ባለው ወገናቸው ላይ ነው።

ዜብራና ታይገር የቪቲና ወገን ናቸው፤ ቅርፊታቸው ክብና ለስላሳ ሲሆን እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። ዜብራ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ነው፤ የታይገር ጥቁር ምልክት ግን በብርቱካንማ መደብ ላይ የተቆራረጠ ነው። ክሊቶን የተባለው ባለቀንዱ ወገን ከእነርሱ ስለሚያንስ በጠባብ ቦታ እየገባ ያጸዳል፤ ሆኖም እሾሁ ጣት ይወጋል። ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን አካባቢ የሚመጣው ኦሊቭ፣ ቀድሞ ኔሪቲና ሬክሊቫታ ይባል የነበረው ሲሆን ዛሬ ቪታ ኡስኔያ ተብሎ ይመደባል፤ መልኩ ደብዛዛ ነው፣ በሥራው ግን አይታማም።

እነዚህ ሁሉ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀትና ካልሲየም ያለው ውኃ ይፈልጋሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ለእነርሱ አይሆንም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈንም ያስፈልጋል። ቆላማው ሸዋ ሮቢት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ማሞቂያ መግዛት ለማይፈልግ ደገኛ፣ ከተገኘ፣ የአውሮፓ ወንዞች ተወላጅ የሆነው ኔራይት፣ ቴዎዶክሰስ ፍሉቪያቲሊስ፣ ይሻለዋል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም ቅዝቃዜን ይችላል።

በመራባት ረገድም ይለያያሉ። የዜብራ፣ የታይገር፣ የባለቀንዱና የኦሊቭ እጮች ጨዋማ ውኃ ስለሚሹ እነዚህ ገንዳውን አይሞሉም፣ ነገር ግን ሰሊጥ የሚያህል ነጭ ጠንካራ እንቁላል በድንጋይና በእንጨት ላይ ይለጥፋሉ፤ ይህን የማይወድ ሰው ከወዲሁ ይወቀው። ቴዎዶክሰስ ግን በጨው አልባ ውኃም ይፈለፍላል።

«ለምን ከወንዝ አልለቅምም?» ለሚል ሰው፣ በቆላው ወንዞች የሚኖሩ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ብልሃርዝያ አስተላላፊ ስለሆኑ አይሞክረው። ሲገዙም የቅርፊቱን አፍ በክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋውንና የማይሸተውን ይምረጡ፤ ገንዳው ውስጥ ሲያስገቡ በእግሩ ያስቀምጡት፣ በጀርባው የወደቀ ተገልብጦ ለመነሣት ይቸገራልና።