በወር 89 ዶላር ከፍዬ ያላገኘሁትን በሁለት የአደራ ደብዳቤ

ክሬዲቴን፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪኬን፣ አስተካክላለሁ ላለኝ ድርጅት ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ አንድ እሰጣለሁ። እሱንም ለቡናው ነው። ቢሮው ስትገቡ ቡና ይቀዳላችኋል፤ ቡናው እውነትም ጥሩ ነው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። «ክሬዲት እናስተካክላለን» ከሚሉት አንዱ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። 2023 መጀመሪያ ላይ አፓርትመንት አመልክቼ በክሬዲቴ ምክንያት ተከለከልኩ። ያኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቁጥራቸውን የሰጠችኝ። እዚያ ያስተናገደኝ ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ ትሁት ነው። «እኅቴ፣ በ90 ቀን ውስጥ ንጹሕ እናደርግሻለን» አለኝ። ለመጀመሪያ 199 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 89። ከማርች እስከ ኦገስት ከፈልኩ። ደምሩት፣ 733 ዶላር ነው።

ዕዳው የመጣው እንዲህ ነው። 2019 ላይ አባቴ አረፉ። ትኬቱንም፣ የለቅሶውን ወጪም በክሬዲት ካርድ አደረግኩት። ስመለስ የሥራ ሰዓቴ ተቀንሶ ጠበቀኝ። ከጁን ጀምሮ ካርዱን መክፈል አቆምኩ። 1,864 ዶላር ነበር። ባንኩ 180 ቀን ጠበቀና «ቻርጅ ኦፍ» አደረገው። እኔ ተሰርዞልኝ ነው ብዬ እፎይ አልኩ። ለካ ከባንኩ ሒሳብ ወጣ እንጂ ከኔ ጫንቃ አልወረደም። ባንኩ ሸጠው። የገዛው ደግሞ ለሌላ ሸጠው። 2022 ላይ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ድርጅት ደብዳቤ መጣ፤ «ዕዳሽ የኛ ነው» ይላል።

ወደ ክሬዲት አስተካካዮቹ ልመለስ። ኤፕሪል ላይ ልጁ ደወለና «እንኳን ደስ አለሽ፣ አንዱን አስነሣንልሽ!» አለኝ። የሆስፒታል ዕዳ ነበር፣ 412 ዶላር። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሁሉ ደውዬ ነገርኳት። በኋላ ነው የገባኝ። የእያንዳንዱን ሰው የዕዳ መዝገብ (ሪፖርት) የሚይዙት ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን፣ በዚያው በኤፕሪል 2023 ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽንን (ለሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳን) ከሁሉም ሰው ሪፖርት ላይ አንሥተዋል። የኔም አብሮ ሄደ። ልጁ ለዝናቡም ሳያስከፍለኝ ቀረ!

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በየወሩ 89ኙ ብቻ ይቆረጣል። ኦገስት ላይ «በስሜ የላካችኋቸውን ደብዳቤዎች አሳዩኝ» አልኩ። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ በኢሜይል ላኩልኝ። አራት ደብዳቤ ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት። «ይህ አካውንት የኔ አይደለም» ይላል። የኔ ነዋ! ካርዱን ያወጣሁት እኔ፣ የበረርኩበትም እኔ። በስሜ ዋሹብኝ። የሁለተኛው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ስም አለ። የሌላ ደንበኛ ነው። ፎርሙን ሲገለብጡ ረስተውት ነው። የዚያን ቀን ካርዴን ከነሱ አስወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። ጡረታ ሳይወጡ ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ መጀመሪያ ሪፖርቱን አምጪ። ስኮሩን፣ ነጥቡን፣ ተዪው፣ ቀኑን ነው የምንፈልገው» አሉኝ።

ሪፖርቱ በነጻ ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ይባላል፤ የሦስቱንም በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል። ለዚህ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። ስኮር አይሰጥም፣ ግን ለኔ ጉዳይ ስኮር ምን ያደርግልኛል? ኮምፒውተር የማይሆንለት በ1-877-322-8228 ደውሎ በፖስታ ማስላክ ይችላል። ሌላ ተመሳሳይ ስም ያለው ገጽ ካርድ ቁጥር ከጠየቃችሁ፣ ውጡ።

አትመን ዘረጋነው። ጋሼ በቢጫ ማድመቂያ ሁለት መስመር አሰመሩ። አንደኛው የባንኩ ነው፤ መጀመሪያ ያልተከፈለበት ጊዜ ጁን 2019 ይላል። ሁለተኛው የዕዳ ገዢው ነው፤ እሱ ላይ ማርች 2022 ይላል። አንድ ዕዳ፣ ሁለት ልደት! ገዢው የገዛበትን ቀን የኔ ጥፋት የጀመረበት ቀን አድርጎ አስገብቶታል። እንዲህ ያለ መጥፎ መዝገብ ሪፖርት ላይ የሚቆየው ሰባት ዓመት ነው፣ ሕጉ ከመጀመሪያው ጉድለት በኋላ 180 ቀን ይጨምርበታል። የመጀመሪያው ጉድለት ቀን ዕዳው ቢሸጥ፣ ቢለወጥ፣ አሥር እጅ ቢዞር አይቀየርም። በትክክለኛው ቀን 2026 ላይ ይወርድልኛል። በገዢው ቀን ቢሄድ 2029። ሌላም አለ፦ ባንኩ ከሸጠው በኋላ የሱ መስመር ላይ ቀሪው ዜሮ መሆን ሲገባው አሁንም 1,864 ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ባለዕዳ ሆኛለሁ።

ጋሼ ለክሬዲት ቢሮው አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ውሸት የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ዕዳው የኔ ነበር፤ ቀኑ ግን ስህተት ነው፣ የባንኩም ቀሪ ስህተት ነው፤ ማስረጃው ራሱ ሪፖርታችሁ ነው፣ የተሰመረበትን ተመልከቱ። የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዤ በአደራ ላክሁት፣ ፊርማ ተቀብላ በምትመለሰው አረንጓዴ ካርድ። ካርዷ ስትመለስ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኳት።

በ30 ቀን ውስጥ መልስ መጣ። የባንኩ ቀሪ ዜሮ ሆነ። ቀኑ ግን «ተረጋግጧል» ተባለ። ምን አረጋገጡ? ገዢውን ጠየቁት፣ እሱ «ልክ ነው» አለ፣ አለቀ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለገዢው ራሱ ላክሁ። በተጨማሪ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ አስገባሁ። ነጻ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ያኔ ቀኑ ተስተካከለ።

ገዢው ግን ስልኩን አልተወም። «ዛሬ 50 ዶላር ብቻ ጣል አድርጊ» ይለኛል። ጋሼ ተቆጡ። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ላለ ዕዳ ፍርድ ቤት መክሰሻው ሦስት ዓመት ነው፤ የኔ አልፏል። በብዙ ስቴቶች ያቺ 50 ዶላር የክስ ጊዜውን እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች። የኛ ሕግ ያንን ከልክሏል፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

በመጨረሻ ግን ለገዢው ከፈልኩ። እንግዲህ ለምን ከፈልሽ ትሉኛላችሁ። ገንዘቡን በልቻለሁ፣ ለአባቴ ነው የበላሁት፣ ዕዳ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም። ግን 1,864 አልከፈልኩም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር የሚከፍሉት። በዚያ ሒሳብ የኔን ወደ 75 ዶላር ነው የገዙት። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስልክ ላይ ድምፄ ተለወጠ። በ650 ተስማማን። ከመክፈሌ በፊት ስምምነቱን በጽሑፍ አስላክሁ፤ የባንክ ቁጥሬን አልሰጠሁም፣ መኒ ኦርደር ላክሁ። «መዝገቡን አንሡልኝ» ብላቸው እምቢ አሉ። ስለዚህ «ተከፍሏል» ተብሎ እስከ 2026 ይቀመጣል። አንዳንድ አዲስ የስኮር ስሌቶች የተከፈለ ኮሌክሽን አይቆጥሩም። የቤት ብድር ሰጪዎች ሲጠቀሙባቸው የኖሩት አሮጌዎቹ ግን ይቆጥራሉ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር። በዓመቱ መጀመሪያ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት መጣ። የተተወልኝ 1,214 ዶላር እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ላይ ገባ። 600 ዶላር እና ከዚያ በላይ ዕዳ ከተተወ ይልካሉ። ይህን ጋሼም አልነገሩኝም፤ ሳሳያቸው ራሳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወደ አስተካካዮቹ አንዴ ልመለስ። ከ1996 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ አስቀድሞ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ይህን ጠቅሼ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ገጽ አያይዤ ለልጁ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን 199 ዶላሩን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) መለሰልኝ፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ። የቀረውን 534 ስጠይቀው «እኅቴ፣ ነይና ቡና እየጠጣን እንነጋገር» አለ። አልሄድኩም።