ታርማክ፣ ማዶን ወይስ ቲሲአር? ቀላል የካርቦን የውድድር ብስክሌት ለሚገዛ ሰው

ቀላል የካርቦን ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጡበታል፦ የስፔሻላይዝድ ታርማክ ኤስኤል8፣ የትሬክ ማዶን ስምንተኛው ትውልድ እና የጃያንት ቲሲአር። ሦስቱም በታላላቆቹ የአውሮፓ ውድድሮች ይነዳሉ። ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኢቨኔፑል በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድሩን ወርቅ የወሰደው በታርማክ ነው። ማዶን የሊድል ትሬክ ቡድን ብስክሌት ነው፤ ቲሲአርን ደግሞ የጄይኮ አልኡላ ቡድን ልጆች ዳገት ይወጡበታል። እንግዲህ የማሸነፍ አቅማቸው የሚያጠያይቅ አይደለም። ገዢው ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ የቡድን መካኒክ ሳይኖረኝ፣ በምነዳው መንገድ ላይ፣ ለዓመታት ሳያስቸግረኝ የሚቆየው የትኛው ነው ብሎ ነው።

ማስታወቂያው ሁሉ የሚጀምረው ከክብደት ስለሆነ እኛም ከዚያው እንነሣ። የዓለም የብስክሌት ፌዴሬሽን (ዩሲአይ) ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሚመዝን ብስክሌት በውድድር እንዳይገባ ከልክሏል። ከሦስቱ ቀላሉ የቲሲአር ከፍተኛው ደረጃ፣ አድቫንስድ ኤስኤል፣ ሲሆን 6.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተወዳዳሪው ሕጉን ለማሟላት ክብደት ሊጨምርበት ነው ማለት ነው። በ2023 የወጣው ታርማክ፣ ኤስ-ዎርክስ የሚባለው ውድ ፍሬሙ 685 ግራም፣ ዝቅ ያለው ደግሞ 780 ግራም ነው ይላል ፋብሪካው። በመካከላቸው ያለው 95 ግራም ብቻ ነው። በማዶን ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ውዱ ኤስኤልአር 765 ግራም ገደማ ሲሆን ርካሹ ኤስኤል ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል።

ይህ ልዩነት በዳገት ላይ ምን ያህል እንደሆነ እናስላው። ነጂው ከነብስክሌቱ 83 ኪሎ ቢሆን፣ በሁለቱ ማዶኖች መካከል ያለው 290 ግራም ገደማ ከጠቅላላው አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ሰዓት ሙሉ በሚፈጅ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የሚያተርፈው 12 ሰከንድ አካባቢ ነው። ለባለሙያ ተወዳዳሪ 12 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። በራሱ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ግን ለዚያች ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር መጨመር አይገባውም ባይ ነኝ። በሦስቱም ዘንድ የመካከለኛው ደረጃ ብስክሌት ቅርጹ ከውዱ ጋር አንድ ዓይነት ወይም በጣም የተቀራረበ ነው።

የነፋሱ ጉዳይ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ ላይ ለሚነዳ ሰው ለየት ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚይዘው የነፋስ ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የዳገቱ ስበት ግን ያው ነው። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ነፋስ ለመቅደድ የተሠራ ወፍራም ፍሬም ጥቅሙ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ዳርቻ ላይ ከሚነዳው ሰው ያነሰ ነው። ማዶን ከሦስቱ ይበልጥ ለነፋስ የታሰበ ነው፤ የውሃ ጠርሙሱና መያዣው ሳይቀር አብረው ተቀርጸዋል። ትሬክ በ2024 ቀላሉን ኤሞንዳን አስቀርቶ ሁለቱን መስመሮች በማዶን ስላዋሃደ፣ ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ በ2018 በትሬክ ሴጋፍሬዶ ሲወዳደር የቡድኑ የዳገት ብስክሌት የነበረው ዓይነት ዛሬ በአዲስነት አይገኝም።

ጥገና ላይ ስንመጣ ልዩነታቸው ይበልጥ ይታያል፤ እኔም ምርጫዬን የምወስነው እዚህ ጋ ነው። የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርባቸው ኩሽኔቶች በታርማክ ላይ በጥርስ ተጠምዝዘው ይገባሉ፤ የተለመደው መጠን ስለሆነ መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል። ማዶንም በጥርስ ነው፤ መጠኑ ግን ሰፊውና አዲሱ ቲ47 ስለሆነ የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል። ቲሲአር ላይ ኩሽኔቱ ተጨቁኖ ነው የሚገባው። ትክክለኛ መሣሪያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ በመዶሻ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ካርቦኑ ይጎዳል። እንዲህ ዓይነት ጋራዥ ብቻ ላለበት ሰው ታርማክን አስቀድማለሁ።

የኮርቻው ምሰሶም ይታሰብበት። የቲሲአር አድቫንስድ ኤስኤል ምሰሶ ከፍሬሙ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለባለቤቱ እግር ተለክቶ በመጋዝ ይቆረጣል። ለአጭር ሰው የተቆረጠ ብስክሌት ለረጅም አይሆንም፤ ሁለተኛ እጅ ሲሸጥ ገዢውን ያጠብበታል፣ ምሰሶው ስለማይወጣም በመደበኛ የብስክሌት ሻንጣ አይገባም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በአውሮፕላን አስልኮ ለሚቀበል ሰው ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። አድቫንስድ ፕሮና አድቫንስድ የሚባሉት ዝቅ ያሉት ደረጃዎች ምሰሶው የሚወጣ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

መሪውም እንዲሁ። ኤስ-ዎርክስ ታርማክና ማዶን ኤስኤልአር መሪው ከአንገቱ (መሪውን ከሚይዘው ክፍል) ጋር አንድ ወጥ ነው። ልኩ አልሆነኝም ብሎ አንገቱን በአንድ ሳንቲም ሜትር ማሳጠር የፈለገ ሰው ሙሉውን ይቀይራል፤ የፍሬኑ ቱቦም በውስጡ ስለሚያልፍ ዘይቱ እንደገና መሞላትና አየሩ መውጣት አለበት። በቲሲአር እንዲሁም በአብዛኞቹ የማዶን ኤስኤልና የታርማክ ዝቅተኛ ደረጃዎች ግን መሪውና አንገቱ ለየብቻ ናቸው።

ጎማ ላይ ሦስቱም ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ታርማክ 32፣ ሌሎቹ 33 ሚሊ ሜትር ይቀበላሉ። የተቆፈረ አስፋልት ላይ ለሚነዳ 30 ወይም 32 እንዲያስገባ እመክራለሁ። ቸርኬውን ግን አጣርቶ መግዛት ያሻል። ጃያንት በቲሲአር አድቫንስድ ፕሮና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የሚገጥመው የካርቦን ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ የለውም። እንዲህ ያለው ቸርኬ ከ5 ባር በላይ አይነፋም፤ ፋብሪካው የፈቀደውን ቲዩብለስ (የውስጥ ጎማ የማያስፈልገው) ጎማ ብቻ ነው የሚቀበለው። ጎማ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ያገኙትን ጎማ ማስገባት አይቻልም፤ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ነጂው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ማርሹንም በዳገቱ ልክ ይምረጡ። ብዙዎቹ ከፊት 52 እና 36 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 30 ይዘው ይመጣሉ። ለእንጦጦ ዓይነት ዳገት ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 34 ያለው ጉልበትን ያተርፋል፤ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ማርሽ ባትሪ መሙላት የማይፈልግ ሰው ደግሞ በገመድ የሚሠራውን የሺማኖ 105 ማርሽ በማዶን ኤስኤል 5 ላይ ያገኘዋል።

እኔ ብሆን ደጋ ላይ ለሚነዳና መካኒክ እንደልብ ለማያገኝ ወዳጄ የታርማክን 780 ግራሙን ፍሬም አስገዛዋለሁ። በጀቱ ጠበብ ካለ፣ ኩሽኔት በትክክል የሚገጥም መካኒክም ካወቀ፣ ቲሲአር አድቫንስድ ይበቃዋል። ሜዳ ላይ በቡድን እየሮጠ ለሚነዳ ግዙፍ ሰው ማዶን ኤስኤል ነው። ፍሬሙ ላይ ያለው የዕድሜ ልክ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ስለሆነ፣ ዘመድ ባሕር ማዶ ሲገዛልዎ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚወጣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።