ባለ አንድ ቱነር የዩኤስቢ ሳተላይት መቅጃ በጅማ፦ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ

ጅማ ላይ ቴሌቪዥን በኮምፒውተር መቅዳት የሚፈልግ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቱነሩ (ስርጭቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለው ዕቃ) ዲቪቢ-ኤስ2 የሚባለውን የሳተላይት ስርጭት ዓይነት ይቀበል እንደሆነ ማጣራት አለበት። እዚህ ቴሌቪዥን የሚታየው በአብዛኛው በዲሽ ነው፤ ኢትዮሳትም የሚሰራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለችው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ፍላሽ የሚመስሉት፣ ትንሽ አንቴና ያላቸውና በዋጋቸው የሚያማልሉት ቱነሮች አብዛኛውን ጊዜ አርቲኤል2832ዩ የሚባል ቺፕ አላቸው። እሱ የሚቀበለው በምድር ማማዎች የሚሰራጨውን ዲቪቢ-ቲ ብቻ ስለሆነ ለዲሽ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገቡ ያገለገሉ የፒሲአይ ካርዶች ደግሞ ብዙዎቹ አናሎግ ናቸው። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚሰካበት፣ ካፕቸር የሚባል ምስል ማስገቢያም ይሸጣል፤ እሱ ከሪሲቨሩ የወጣውን ምስል እንደገና ስለሚጨምቅ ጥራቱ ይወርዳል፣ በዚያ ላይ ሪሲቨሩ ያለማቋረጥ በርቶ እዚያው ቻናል ላይ መቆየት አለበት።

እዚህ የሚገመገመው ኤም88ዲኤስ3103 ቺፕ ያለው፣ ለብቻው 12 ቮልት አዳፕተር የሚጠቀም የዩኤስቢ ሳጥን ነው። ይኸው የውስጥ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ሲገዙ ከስሙ ይልቅ ቺፑን ይጠይቁ። ምክንያቱ ሲምቦል ሬት፣ ማለትም ስርጭቱ መረጃ የሚልክበት ፍጥነት ነው። የኢትዮሳት 11105 ሆሪዞንታል (ፍሪኩዌንሲውና የሞገዱ አግድም አቀማመጥ፤ ቁም የሆነው ቨርቲካል ይባላል) ሲምቦል ሬቱ 45000 ነው፤ የዚህ ቺፕ ጣሪያም ልክ 45000 ነው። አንዳንድ የቆዩ ካርዶች ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል ተጽፎባቸው ሳለ ከ30000 አያልፉም። እንዲህ ያለ ካርድ ሌላ ሳተላይት ላይ በደንብ ይሠራና ኢትዮሳት ላይ ምንም አያገኝም፤ ባለቤቱም ዲሹን ሲያዟዙር ይውላል።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው የቺፑ ፈርምዌር (ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ፋይል ነው። እሱን አውርዶ ፈርምዌር ማህደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሳጥኑን ነቅሎ መሰካት ይበቃል። ለመቅዳት ቲቪሄድኤንድ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ስልክ ላይም ይታያል። ፍሪኩዌንሲውን በራሱ እስኪፈልግ አይጠብቁት፤ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000፣ ዲቪቢ-ኤስ2 ብለው በእጅ ያስገቡ፣ ኤፍኢሲውን (የስህተት ማረሚያውን) አውቶ ላይ ይተዉት። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ዩኒቨርሳል ይባል። በስህተት ዲቪቢ-ኤስ ከተመረጠ ሲግናል እያለ ቻናል አይመጣም።

ዲሹን በተመለከተ፣ ከጅማ ሳተላይቷ የምትገኘው ከሰሜን በቀኝ ወደ 110 ዲግሪ፣ ከፍታዋ ወደ 65 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኤልኤንቢውን መዞር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በስሌት ወደ 70 ዲግሪ ግድም መጠምዘዝ አለበት። ቀጥ ብሎ ከታሰረ ሆሪዞንታሉና ቨርቲካሉ ይቀያየራሉ፣ ወይም ሁለቱም ደክመው ይመጣሉ። ቲቪሄድኤንድ ላይ የሚታየውን ዴሲቤል እያዩ ጥቂት በጥቂት ማዞር ነው፤ በመቶኛ የሚታየው ቁጥር ብዙም አያስተማምንም። 8ፒኤስኬ 2/3 በሚባለው የአላላክ ዘዴ የሚመጣ ስርጭት ወደ 6.6 ዴሲቤል ሲወርድ ይቆረጣል። በጠራ ሰማይ 8 ብቻ የሚያሳይ ዲሽ ለጅማ ዝናብ ምንም ትርፍ የለውም፤ ዶፍ ሲመጣ ቀረጻው ውስጥ ጥቁር ክፍተት ይቀራል። የቱንም ያህል ውድ ቱነር ቢገዛ ይህን አያድንም፤ ገንዘብ ከተረፈ ሰፋ ያለ ዲሽ ላይ ይዋል።

ክረምቱ ያወጣው ሌላው ችግር ውሃ ነው። ውጭ ያለው ኤፍ ኮኔክተር (የዲሹ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ማያያዣ) ውሃ ካስገባ መዳቡ አረንጓዴ ይሆንና መጀመሪያ የሚጠፉት ሆሪዞንታሎቹ ናቸው፤ እነሱ 18 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ቨርቲካሎቹ ግን በ13 ቮልት ይሄዳሉ። የደከመ አዳፕተርም ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ቨርቲካል እየሠራ ሆሪዞንታል ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሌላ 12 ቮልት አዳፕተር ይሞክሩ። ኮኔክተሩን በጎማ ቴፕ መጠቅለል፣ ገመዱንም ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ አድርጎ ማሰር ይጠቅማል። ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከሳጥኑ መንቀል የግድ ነው፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩም አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

ከቤቱ ሪሲቨር ጋር አንድ ዲሽ ለመጋራት ተራ የገመድ መክፈያ (ስፕሊተር) አይጠቀሙ። ሁለቱም ለኤልኤንቢው ቮልት ስለሚልኩ አንዱ የሌላውን የሆሪዞንታልና ቨርቲካል ምርጫ ያስቀይራል። ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢና ሁለት ገመድ ነው መፍትሔው።

አሁን ወደ ጥቅሙ። ባለ አንድ ቱነር መሆኑ መጀመሪያ ጉድለት ይመስላል። ግን ቱነሩ የሚይዘው አንድ ቻናል ሳይሆን ሙሉውን ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ያሉ ቻናሎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይቻላል። ሦስት ቻናል እየቀዳ አራተኛውን ማየትም አያስቸግርም። ቀረጻው እንደተሰራጨ ሳይነካ ስለሚቀመጥ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይበዛበትም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃል። በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚሰራጭ ቻናል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት፣ 6 ሜጋቢት ከሆነ 2.7 ጊጋባይት ይወስዳል። ውጫዊ ሃርድ ዲስኩንና ቱነሩን በአንድ ዩኤስቢ ሃብ ላይ አይሰኩ፤ ምስሉ ይሰባበራል።

መብራት ሲሄድስ? ፋይሉ ቲኤስ (እንደተሰራጨ በተከታታይ የሚጻፍ ዓይነት) ስለሆነ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይከፈታል፤ ኤምፒ4 ቢሆን ኖሮ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሙሉው ይበላሽ ነበር። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም የቱነሩ አዳፕተር ግን አብሮ ይጠፋል፤ ለራውተር የሚሸጠው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ)፣ አምፒሩ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ካላነሰ፣ ይህን ይሸፍናል። ዴስክቶፕ ከሆነ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ማዘዝና የማዘርቦርዱን ሲአር2032 ባትሪ መቀየር ያስፈልጋል። ባትሪው ከሞተና ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስና ቀጠሮው ሁሉ ያመልጣል።

ስለ ሰዓት ከተነሳ፣ የብዙ ቻናሎች የፕሮግራም መረጃ ባዶ ወይም የተዛባ ስለሆነ ቀጠሮ በእጅ ነው የሚያዘው። የማታ 2 ሰዓት ዜና 20:00 ተብሎ ይገባል። የሌሊት ፊልም ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ለኮምፒውተሩ እሁድ 01:00 ነው። ከፊት 5፣ ከኋላ 15 ደቂቃ መጨመርም አይጎዳም፤ ፕሮግራሞቻችን በሰዓታቸው የሚጀምሩት አልፎ አልፎ ነው።

ሳጥኑ የካርድ ማስገቢያ ስለሌለው ዲኤስቲቪን አይከፍትም፤ ፕሪሚየር ሊግ ለመቅዳት ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያቆይ። በሳምንት አንድ ድራማ ብቻ ለሚቀዳም ፍላሽ የሚሰካበት ሪሲቨር ይሻለዋል። ብዙ ቻናል ለሚከታተልና ቀረጻውን ለሚያቆይ ግን ይህ ሳጥን ይበቃዋል፤ ባለ ሁለት ቱነር ካርድ የሚያስፈልገው ሁለት የተለያየ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ሰዓት ሲፈልግ ብቻ ነው።