«እርጥቡን አልሸጥልሽም» ላሉኝ የእንጨት ነጋዴ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር አራት ክፍል ቤት አከራያለሁ። ተከራዮቼ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ከቆላ የመጡም አሉበት። የእኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚገኘው።

አምና አንዲት መምህርት ከሰል አቀጣጥላ ወደ ክፍሏ አስገባች፤ ብርድ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፋ ተኛች። ጠዋት ጎረቤቷ በሩን ባያስከፍት ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውም ጭስ የለውም ብሎ አምኖት ይተኛል። እግዚአብሔር አተረፋት። ቤቱ ግን የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

ለየክፍሉ ከላሜራ የተበየደ፣ ጭሱ በቧንቧ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ ምድጃ አሠራሁ። መጀመሪያ አልሆነልኝም። ያገኘሁትን ፍልጥ ገዝቼ ነበርና ሲጨስ ያድራል እንጂ አያሞቅም፤ ቧንቧውም በጥላሸት ተደፈነ።

በሰው በሰው ጋሼን አገኘኋቸው። በራሳቸው መሬት ባህር ዛፍ አላቸው፤ ቆርጠው፣ ፈልጠው፣ አድርቀው ይሸጣሉ። ብሩን ይዤ ደጃቸው ቆሜ፣ የተከመረውን እያሳየኋቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ ገና ውሃ ነው፤ እርጥቡን አልሸጥልሽም» አሉኝ። ብሬን ተቀብለው ቢጭኑልኝ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ከዚያ ይልቅ ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩና አሰሙኝ፤ የደረቀው ቀጭ ይላል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ቅርፊቱም በእጅ ይላቀቃል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ዓመት ሙሉ የገዛሁት ውሃ እንደነበር ያኔ ገባኝ!

የጋሼ ፍልጥ በጋውን ነፋስ እየመታው ይደርቃል፤ ክረምት ሳይገባ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደረደርና ከላዩ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ጎኑ ግን ክፍት ነው። ዛፉን ሲቆርጡም ከመሬት ጠጋ አድርገው ነው፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከቡቃያው ሁለት ሦስቱን ብቻ ያሳድጋሉ። ከአካባቢያችን ጥብቅ የተፈጥሮ ደን፣ ከወፍ ዋሻ፣ የወጣ ጥድ ወይም ዝግባ በርካሽ ቢመጣላቸው አይነኩም። ይህን በጣም አከብርላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ቤቶቹ ሞቁ። ተከራዮቼ ማታ ምድጃው አጠገብ ደብተር ያርማሉ፤ ከሰልም ወደ ክፍል አይገባም። መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጎ መተኛቱን ግን አልተዉም፣ እናንተም እንዳትተዉ። ቧንቧውንም በየጊዜው አስጠርጉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ!

በአካባቢያችን ቤት የምታከራዩ፣ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። በአህያ ጭነትም፣ በመኪናም ያቀርባሉ። ለመጪው ኅዳር የሚሆናችሁን ግን በበጋው እዘዙ፤ ብርዱ ከገባ በኋላ ብትሄዱ፣ የደረቀው ካለቀ ባዷችሁን ነው የሚመልሷችሁ።