ከሱቄ ጀርባ ወጥቶ ቻይና ደርሶ የተመለሰው ድስት

ይህን የስቴንለስ ድስት ስብስብ ከገዛሁት 14 ወር ሆኖታል። ሦስት ድስት፣ ሦስት የመስታወት ክዳን፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ "18/10" የሚል ጽሑፍ፤ 18 በመቶ ክሮም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ዋጋው 1,150 ራንድ። የገዛሁት ጆሃንስበርግ፣ ጂፒ ነው፤ ለሱቄ ዕቃ ልጭን የሄድኩ ቀን። ጂፒን ለማያውቅ፦ ብርድ ልብስም፣ በርበሬም፣ ሲም ካርድም አንድ ፎቅ ላይ የሚሸጥበት፣ ደረጃው ላይ "አንተ ልጅ መቼ መጣህ?" የሚልህ የአገርህ ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። የድስቱንም ብራንድ አልጠራም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

የምኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ስቲልፖርት አጠገብ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል እተኛለሁ፣ እዚያው አበስላለሁ። ስምንት ዓመት በአንዲት የአሉሚኒየም ድስት ነው የኖርኩት። ታችዋ ጎብጦ ምድጃው ላይ እንደ እንዝርት መሽከርከር ስትጀምር "አሁንስ ሰው ልሁን" ብዬ ኪሴን ፈታሁ።

ድስት ገዝቶ በሳምንቱ የሚያሞግስ ሰው አልወድም። በሳምንቱማ ሁሉም ያብለጨልጫል። የድስት ፈተናው ቁሌት ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቁ ማቁላላት። ታቹ ስስ ከሆነ መሀሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። የመካከለኛውን ድስት ታች ገልብጣችሁ ብታዩት ወፍራም ክብ ዲስክ ተለጥፎበታል። ውስጡ አሉሚኒየም፣ ውጩ ማግኔት የሚይዝ ብረት ነው። ሙቀቱን እኩል የሚያዳርሰው እሱ ነው። ሽንኩርቱ አርባ ደቂቃ ሲቁላላ አንድም ቦታ አልያዘም። ለገና ዶሮ ሠርቼበታለሁ፣ 12 እንቁላል ችሎ፣ ሳይገነፍል። ትልቁም ለሥጋ ቅቅል ደህና ነው። ትንሹ ግን ቀልድ ነው። ታቹ ላይ ያለው ዲስክ ከድስቱ ስለሚጠብ ሽሮው ዙሪያውን ይይዛል። አንድ ቀን ደንበኛ ላስተናግድ ወጥቼ ስመለስ የሽሮ ከሰል ጠበቀኝ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ። የሱቄ በር በተከፈተ ቁጥር ፊት ለፊት መኪና ያልፋል። ተራ መኪና አይደለም፣ ጥቁር አፈር የጫነ ተሳቢ ነው። አንዱ ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት የሳርዲን ቆርቆሮዎች ይንቀጠቀጣሉ። ጥቁሩ አፈር ክሮም ነው። ከስቲልፖርት ሸለቆ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ብዙው ወደ ማፑቶ ወደብ ይሄዳል፣ ከዚያ ቻይና። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከደቡብ አፍሪካ የወጣው ጥሬ ክሮም ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ነው። መንገዱ በዚህ ሁሉ ጭነት ተቆፋፍሮ የእኔ ጭነት አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶበት ስምንት ካርቶን እንቁላል አስፈስሷል። ይህ ከድስቱ ጋር ባይገናኝም አብግኖኝ ነው።

የድንጋዩ ነገር ግን ደስ ይላል። ድዋርስ ወንዝ ዳር አንድ ቦታ አለ፣ እንደ ቅርስ ይጠበቃል። ነጭ ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ልክ የሜዳ አህያ ጎን። ጥቁሩ ክሮም የያዘው ነው። ዕድሜው ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያልፋል። የጡጫ ያህሉን ስታነሱ እጃችሁ ይደነግጣል፤ ከተራ ድንጋይ አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል።

ከደንበኞቼ አንዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ንታቴ እላቸዋለሁ፤ በሴፔዲ አባባ እንደማለት ነው። እሳቸው እኔን እንደ ሰፈሩ ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ፈርነስ (የማዕድን ማቅለጫ ምድጃ) ላይ ሠርተዋል። አንድ ማታ ዳቦ ሊገዙ መጥተው ድስቱን ከኋላ አዩትና አንኳኩተው ሳቁ። "ይሄ ከኛ ነው" አሉኝ። ከዚያ ዳቧቸውን ታቅፈው አንድ ሰዓት አወሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁሩ ማዕድን ከኮክ (ከድንጋይ ከሰል ከሚሠራው) እና ኳርትዝ ከሚባለው ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ፈርነስ ውስጥ ይገባል። ሦስት ግንድ የሚያካክሉ የካርቦን ምሰሶዎች ከላይ ይወርዱበታል፣ መብራት ይለቀቅባቸዋል። ውስጡ ወደ 1,700 ዲግሪ ይደርሳል። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ከታች ቀዳዳውን ይከፍቱታል። ቀልጦ የሚፈሰው ብረት ፌሮክሮም ይባላል፤ ግማሽ ያህሉ ክሮም፣ የቀረው በአብዛኛው ብረት። ስላግ የሚባለው ቀልጦ የሚቀር ዝቃጭ ቀለል ስለሚል ከላይ ይንሳፈፋል። ንታቴ እንደሚሉት ቀዳዳው ሲከፈት ፊታቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ነበር የሚያቃጥላቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው አሳዩኝ። ጉልበታቸው ላይ ፀጉር የለም።

አንድ ቶን ፌሮክሮም ለማውጣት ከሁለት ቶን በላይ ማዕድንና ከ3,500 እስከ 4,000 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። የእኔ ሱቅ በሁለት ፍሪጅና በአንድ ዲፕ ፍሪዝ በወር ወደ 600 ይፈጃል። ስለዚህ አንዷ ቶን የእኔን ስድስት ወር ትጨርሳለች። ይህን በሱቅ ሚዛኔ ወደ ድስቴ አወረድኩት። ሦስቱ ድስቶች ያለ ክዳን 4 ኪሎ ይመዝናሉ። ካርቶኑ እንደሚለው 18 በመቶው ክሮም ከሆነ 720 ግራም ነው። ለሱ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚሆን ጥቁር ድንጋይና ከአምስት ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ሄዷል። ከብረቱ፣ ከኒኬሉ፣ ከመርከቡ በፊት።

ታዲያ ይህ አገር ድንጋዩ እያለው ለምን አያቀልጥም? ያቀልጥ ነበር። በዓለም አንደኛ ነበር። በጥር 2008 መብራት ጠፍቶ ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች ለቀናት ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ የመብራት ዋጋ እጥፍ ድርብ ሆኖ ወጣ። በ2012 ቻይና በፌሮክሮም ደቡብ አፍሪካን ቀደመች። ማዕድኑ ከዚህ፣ መብራቱ ከዚያ። ሌላም ነገር አለ፣ እሱን የነገረኝ የፕላቲኒየም ማውጫ ውስጥ የሚሠራ ደንበኛዬ ነው። ፕላቲኒየሙ የሚገኝበት ድንጋይ ራሱ ክሮም የሞላበት ነው። ፕላቲኒየሙን ካወጡለት በኋላ ክሮሙ እንደ ትራፊ ይቀራል። ወጪው በፕላቲኒየሙ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ በርካሽም ቢሸጥ ትርፍ ነው። ርካሽ ድንጋይ ደግሞ መርከብ ይወዳል።

በ2020 መንግሥት ጥሬ ክሮም ወደ ውጭ ሲወጣ ቀረጥ ይጣልበት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አቅላጮቹ ደገፉ፣ ቆፋሪዎቹ ጮሁ። ከጎረቤት ሱቅ የሚሠራው ዚምባብዌያዊ ልጅ ይስቃል። የክዌክዌ ልጅ ነው፣ እዚያም የክሮም ማቅለጫ አለ። እነሱ በ2011 ጥሬ ክሮም እንዳይወጣ ከለከሉ፣ በ2015 መልሰው ፈቀዱ፣ በ2021 እንደገና ከለከሉ። "እኛ በሩን መክፈትና መዝጋት ነው የለመድነው" ይላል።

እኛስ ብንሆን። በ2008 በፈረንጅ ኢትዮጵያ በጥሬና በከፊል ባለቀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የኤክስፖርት ቀረጥ ጥላለች። ፋብሪካዎቹ እስከ መጨረሻው እንዲያለፉ ነበር። ያ በከፊል ያለቀ ሰማያዊ ቆዳ ትዝ ይላችኋል? ሰማያዊ ያደረገው የክሮም ጨው ነው። ለፋሲካ እናቴ ጋር ስደውል "የበጉን ቆዳ የሚገዛ ጠፍቶ ጣልነው" አለችኝ። ልጅ ሆኜ "ያለው ቆዳ!" የሚለው ሰውዬ ገና ደሙ ሳይደርቅ ነበር በር የሚያንኳኳው። ቀረጡ ብቻውን ነው ያጠፋው አልልም። ግን በሩን መዝጋት አንድ ነገር ነው፣ ውስጥ ያለውን ምድጃ ማንደድ ሌላ ነገር ነው። እዚህም ቢሆን መብራቱ ካልረከሰ ቀረጡ ፈርነስ አያስነሳም ባይ ነኝ። ንታቴ አይስማሙም። "መጀመሪያ ድንጋዩን ያስቁሙ፣ መብራቱ ይመጣል" ይላሉ። ሁለታችንም በዳቦ ሒሳብ ነው የምናወራው።

የእኔ ሒሳብ ዱቤ ደብተሬ ነው። ፈርነስ ሲሠራ ሰው በወሩ መጨረሻ ይከፍላል፣ ገጹን እሰርዛለሁ። ፈርነስ ሲጠፋ ደብተሩ ይወፍራል። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ደብተር ገዝቻለሁ። የቆርቆሮ ሥጋ መሸጥ ቀርቶ የዶሮ እግር ብቻ ይሄዳል። መኪኖቹ ግን አልቀነሱም።

ወደ ድስቱ ልመለስ። በሰባተኛው ወር የትልቁ ድስት እጀታ ሥር ቡናማ ነጥብ አየሁ። ዝገት። ስቴንለስ የሚባለው ክሮሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው፤ ከወረቀት በብዙ ሺህ እጥፍ የሳሳ ሽፋን። ሲጫር ራሱን በራሱ ይጠግናል። በደንብ ያልጸዳ ብየዳ ላይ ግን ይዳከማል። እጀታዎቹ በሪቬት (ድስቱን በስቶ በሚያልፍ የብረት ችንካር) ሳይሆን በነጥብ ብየዳ ነው የተያዙት፣ አንዱ በ11ኛው ወር ትኩስ ሾርባ ይዤ እያለሁ ላላ። እግሬ ተርፏል፣ ነጠላ ጫማዬ አልተረፈም።

ማግኔት አመጣሁ። ጎኑ አልያዘም። "እውነተኛ ነው" ብዬ ደስ አለኝ። ቦይለርሜከር (የብረት ታንክ ሠሪና በያጅ) የሆነ ደንበኛዬ አሾፈብኝ። ኒኬሉን ቀንሰው በማንጋኒዝ የሚተኩበት ርካሹ 201 የሚባለው ዓይነትም ማግኔት አይዝም። እሱን የሚለየው ጠብታ ነው፤ በባትሪ እየነካኩ ያንጠባጥቡበታል፣ ማንጋኒዝ ከበዛበት ይቀላል። ቅዳሜ ጠርሙሷን ይዞ መጣ። በትልቁ ድስት ጎን ጠብ አደረገ። ቀላ። በመካከለኛው አደረገ። አልቀላም። በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ማኅተም፣ ሁለት ዓይነት ብረት! ስሙን ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የአስመጪው ወይስ ካርቶኑን ያቀላቀለው የሻጩ፣ ከጂፒ ደረጃ ላይ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ሻጩን ጠይቄው ነበር። "ወንድሜ፣ ድስት እኮ ነው" አለኝ።

ለምትገዙ ሰዎች የማውቀውን ልንገራችሁ። በረኪና አታስነኩት፣ ያንን ስስ ሽፋን ይበላዋል። እኔ የመጀመሪያውን ነጥብ ራሴ ሳላመጣው አልቀርም፣ አሮ የነበረ ሽሮ በበረኪና ዘፍዝፌ አድሬ ነበር። ጨው ውሃው ሳይፈላ አትጨምሩ፣ ታቹ ላይ ተቀምጦ ይቦረቡረዋል። ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካወጣ አትደንግጡ፣ የሙቀት ነው፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያነሳዋል። በብረት ሽቦ አትፈትጉ። ስትገዙ እጀታውን ጨብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ የሪቬት ራስ ካላያችሁ ተዉት።

ከአምስት ኮከብ ለመካከለኛው ድስት አራት፣ ለትልቁ ሁለት፣ ለትንሹ ዜሮ። ክዳኖቹ መልካም ናቸው፣ እንፋሎት መውጫቸው ብቻ ትንሽ ይፏጫል። ስብስቡን ድጋሚ አልገዛም። መካከለኛውን ለብቻው በ400 ራንድ ቢሸጡልኝ ሁለት እወስድ ነበር፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለንታቴ። የትልቁን ድስት እጀታ ቦይለርሜከሩ በሁለት ብሎን አስሮልኛል። ክፍያ አልተቀበለኝም፣ ከደብተሩ ሠላሳ ራንድ ሰርዤለታለሁ።